የመጋዘናችን ጣራ እና የእኔ ሳንባ

ሕመሙ መጀመሪያ የታወቀኝ ሱጁድ ስወርድ ነው። ግንባሬን ስጋጃው ላይ ሳሳርፍ ቀኝ ጎኔን ከጡቴ ዝቅ ብሎ ቀስፎ ይይዘኛል፤ ቀና ስል ይለቀኛል። ብርድ ነው ብዬ ተውሁት። ጎንደር ላይ ክረምት ሲጠና ጎኔን የማይል ሰው የለም። ባለቤቴ እንድሪስ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ በማር ያጠጣኛል፣ እኔም ጠጥቼ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ።

ከድጃ እባላለሁ። አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያገባሁ፣ የነጋዴ ልጅና የነጋዴ ሚስት ነኝ። ልጆቼ አድገው በየከተማው ተበትነዋል፤ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እንድሪስ ነን። ስለ ሕክምና የማውቀው ታምሜ የተማርሁትን ያህል ብቻ ነው። ሕመሜ ግን ከአንድ ቤት ሽያጭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አሮጌ ቤት የሚሸጥም የሚገዛም የሚያፈርስም ሰው ቢሰማው ይጠቅመዋል ብዬ አሰብሁ።

ብርድ ያልሁት ነገር ክረምቱ ወጥቶም አልወጣ አለ። ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱ መሐል ቆሜ፣ ሞባይሌን የማይ መስዬ አርፋለሁ። የሚያውቀኝ ሰው ሲያልፍ «ኔትወርክ እኮ የለም» እላለሁ። እንድሪስ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። በነጋታው ይዞኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ።

እዚያ የሳንባ ምች ነው ተባልሁ። መርፌ ተወጋሁ፣ ክኒን ዋጥሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ራጅ አነሣኝና ሳንባዬ ዙሪያ ውሃ ተቋጥሯል አለኝ። በጀርባዬ በኩል በመርፌ ሲቀዱት ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ወዲያው ቀለለኝ፣ በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሐኪሙ ግን ቲቢ ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረኝ። አክታዬ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም ነበር፤ ሆኖም እኛ አገር ሳንባ ዙሪያ ውሃ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ ስለሆነ እሱም በሚያውቀው ሄደ። አልፈርድበትም።

ቲቢ መባሉ ከሕመሙ ይልቅ አሳፈረኝ። ማንም ሳያዝዘኝ ብርጭቆዬን ለየሁ፣ መኝታዬንም ወደ ልጆቹ ክፍል አዛወርሁ። እንድሪስ ይህን አየ። ማታ እራት ስንበላ የለየሁትን ብርጭቆ አነሣና የተረፈውን ውሃ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልሁት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስትተነፍሺብኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ? ወደ ክፍልሽ ተመለሺ። እኔ ብቻዬን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሐኪም ሲሰማው ይቆጣ ይሆናል። እኔን ግን ከክኒኑ ይልቅ ያ ቃል ነው ያቆመኝ።

የመጋዘኑ ሽያጭ ወሬ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። አማቼ፣ የእንድሪስ አባት፣ አላህ ይማራቸውና፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ሰፊው ግቢና መጋዘኑ ለእንድሪስና ለታናሽ ወንድሙ ለሰዒድ ቀረ። ንግዱ እየቀዘቀዘ ሄዶ መጋዘኑን ለእህል ማስቀመጫ እናከራየው ነበር። አሁን አሮጌውን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩበት የሚፈልጉ አልሚዎች መጡ። የእኔ ሕክምናም ቀላል ወጪ አልነበረም፤ ስለዚህ መሸጡን ሁላችንም ወደድነው። ጉዳዩን የያዘው ሰዒድ ነው።

«እታለም፣ አንቺ ዳኚልን ብቻ» ይለኛል ሊጠይቀኝ ሲመጣ። «የሽያጩን ጣጣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሰዒድን ልጅ ሆኖ ነው ያወቅሁት። በሙሽርነቴ እዚህ ቤት ስገባ ገና ጢም አላወጣም ነበር። እህት ስላልነበረው እኔን እህት አደረገኝ።

አልዳንሁም። የቲቢውን መድኃኒት ወራት ውጬ ውሃው ተመልሶ ሞላ፤ ይባስ ብሎ ዐይኔ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ አስጠላኝ። ክሊኒኩም ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከኝ።

እዚያ ወረፋው ረጅም ነው። ከግድግዳው ጋር በተያያዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ከኮሶዬ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ አያ ታከለ ይባላሉ። እሳቸውም የትንፋሽ ሕመምተኛ ናቸው። ስቃትት ሰምተው ዞር አሉ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ትንፋሽሽ የተቆራረጠ?»

«ሳንባዬ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮብኝ ነው፣ አያ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ውሃውስ ሸጋ ነበር፣ ቦታውን ሳተ እንጂ» አሉ። ስስቅ ጎኔን ወጋኝ። እሳቸው ደንግጠው ጋቢያቸውን አጣጠፉና ከጀርባዬ አደረጉልኝ፤ ሲደገፉበት ሕመሙን ያበርደዋል። ቀጠሯችን ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይውል ስለነበር፣ ቀድመው የመጡ ቀን ቦታ ይዘው ይጠብቁኛል። «እሷ የኔ ናት፣ ትምጣ» ሲሉ ነርሶቹ ልጃቸው እመስላቸው ነበር።

የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ወረቀቶቼን ሁሉ አገላብጣ ካየች በኋላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«ምን ሥራ ነው የሚሠሩት?»

«ነጋዴ ነኝ። ጨርቅ እሸጣለሁ።»

«ከጨርቁ በፊትስ?»

ከጨርቁ በፊት በአማቼ ግቢ ነበርሁ። ነገርኋት። ያን ጊዜ በብዛት የምንሸጠው ግራጫና ሞገድ ሞገድ ያለው፣ ከሲሚንቶ የተሠራ የጣራ ክዳን ነው። ደንበኛው ልኩን ይዞ ይመጣል፣ ሰዒድ ግቢው ውስጥ በመጋዝ ይቆርጥለታል። አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል። እኔ ማታ ማታ እጠርገዋለሁ፣ የወንዶቹን ልብስ አራግፌ አጥባለሁ። አፌን በሻሽ ጫፍ የምሸፍነው የጨዋ ደንብ ስለሆነ እንጂ ስለ ሳንባ አስቤ አልነበረም። የራሳችን መጋዘንም የተከደነው በዚያው ነው።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

«ያ ክዳን አስቤስቶስ የሚባል ነገር ሳይኖርበት አይቀርም» አለችኝ። «ድንጋይ ነው፣ ግን እንደ ቃጫ ይተረተራል። ሲቆረጥና ሲሰበር ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ብናኝ ይወጣዋል። ሰው ሲተነፍሰው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሰውነት አያሟሟውም። ችግሩን የሚያሳየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።»

«ካንሰር ነው ማለትሽ ነው?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሳላውቅ አልነግርዎትም።» እጇን እጄ ላይ አደረገች። «ናሙና ወስደን እናያለን።»

ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ከሳንባዬ ሽፋን ላይ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ውጤቱ ዘገየ። ፍርሃቱ የሚበረታብኝ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ጨለማው ሳይለቅ ነው። እንድሪስ አጠገቤ ጋደም ይልና በእኔ ትንፋሽ ልክ ይተነፍሳል፤ የእኔ ሲያጥር የእሱም ያጥራል፣ ሳርፍ ያርፋል። ምግብ ማብሰልም የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሽሮው ይቋጠርበታል፣ ጨው ያበዛል። እኔ ጎበዝ እያልሁት እበላ ነበር። ከዳንሁ በኋላ እውነቱን ነገርሁት፣ አሁንም ተቀይሞኛል።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ቲቢም አይደለም። የሳንባዬ ሽፋን ተቆጥቶ ወፍሯል፣ ውሃውም የመጣው ከዚያ ነው። ሥዕሉ ላይ የታዩት ጠባሳዎች አስቤስቶስ የነካው ሰው ላይ የሚታዩ ናቸው አለችኝ። ጠባሳው አይጠፋም፤ በየዓመቱ መታየት አለብኝ። ውሃው ግን ላይመለስ ይችላል። እንድሪስ ዶክተሯ ፊት አለቀሰ። እሷም መስኮቱን የምትከፍት መስላ ዞር አለችለት።

የቲቢው መድኃኒት ቆመ፣ ዐይኔ ጠራ። ውሃው እንደገና ተቀድቶ ተመልሶ አልሞላም። የትንፋሽ ልምምድም አስተማሩኝ፦ አየር በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ እፍ እያሉ ቀስ ብሎ ማውጣት። እንድሪስ አብሮኝ ይሠራል፤ ሁለት ሽማግሎች ፊት ለፊት ተቀምጠን ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ እንባባላለን። አንድ ቀን ሱጁድ ወርጄ ሳያመኝ ተነሣሁ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ደግሜ ወረድሁ።

የእኔ መዳን እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሰዒድ እየሳቀ ገባ። ሽያጩ አልቋል፣ የቀረው ውል መፈራረም ነው። ገዢዎቹ የሚፈልጉት ባዶ መሬት ስለሆነ መጋዘኑን አፍርሰን የምናስረክበው እኛ ነን። ለዚህም ከቀን ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ መጥቷል።

«ጣራውን በምን ያወርዱታል?» አልሁት።

«በመዶሻ ነዋ። አሮጌ አይደል፣ በአንድ ቀን ይሰባብሩታል።»

ያ አቧራ ትዝ አለኝ። እነዚያ ልጆች ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው፤ አፋቸውን እንኳ የሚሸፍኑበት አይኖራቸውም። አጥሩን ተሻግሮ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ቤት አለ።

«ሰዒድ፣ ጣራው ሳይመረመር ማንም አይነካውም» አልሁ። «ለገዢዎቹም ልንነግራቸው ይገባል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ምኑን ነው የምንነግራቸው? መጥተው አይተዋል። ጣራ ሰማይ ላይ ያለ ነገር ነው፣ መቼ ደበቅነው? መመርመር ከፈለጉ ይመርምሩ።»

እንድሪስ ገባበት። «አባባ ዕቃ ሲሸጥ ዐይቡን፣ ጉድለቱን፣ ሳይናገር ሸጦ ያውቃል? ጨርቅ ቢሆን ቀዳዳውን፣ ሚስማር ቢሆን ዝገቱን ያሳይ ነበር።»

«ይህን ክዳን ለጎንደር ሕዝብ ሲሸጥ የኖረው ማን ሆነና?» አለ ሰዒድ።

እንድሪስ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «አባባ አያውቅም ነበር። እኛ አወቅን» አለው። ሰዒድ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ቤታችን አልመጣም። ወንድማማቾቹ በስልክ ቢነጋገሩም ስለ ሽያጩ ብቻ፣ እንደ ባዕድ ነበር። ከሕመሜ ዘመን ሁሉ እንድሪስ የከሳው ያኔ ነው።

ውል የሚያዘጋጅልንን ጠበቃ ጠየቅነው። እንዲህ አለን፦ «ጉዳዩን ማወቃችሁ ነው ነገሩን የለወጠው። አውቃችሁ ዝም ካላችሁ ገዢው ነገ ተመልሶ ሊከሳችሁ ይችላል። ከነገራችሁ ግን ማን ያስመርምር፣ ማን ያስወግድ የሚለው በውሉ የሚወሰን ነገር ነው። አሻሚ አድርጋችሁ እንዳትተዉት። አሻሚ ከሆነ ሁሉም በሌላው ይተማመንና ጣራው ሳይመረመር ይፈርሳል።»

ከገዢዎቹ ተወካይ ጋር ስንገናኝ እኔም ሄድሁ። ሰውየው ኢንጂነር ነው፣ ትሑት ሰው። ሲሰማን መጀመሪያ ግራ ገባው።

«እኛ የምንገዛው መሬቱን ነው። ጣራው የእናንተ አይደለም?»

«የእኛ ነው» አልሁ። «ስለዚህ ምን እንዳለበት አስመርምረን የምናሳውቃችሁ እኛ ነን። ቁልፉም ታሪኩም ያለው እኛ ዘንድ ነው። ማንሣቱ ግን ዕውቀት ይፈልጋል፤ እኛ የቀን ሠራተኛ እንጂ ሌላ የምናውቀው የለም። እናንተ ሥራችሁ ግንባታ ነው፣ የሚችል ሰው ታገኛላችሁ።»

ኢንጂነሩ፣ «ሌላ ሻጭ ይህን ነግሮን አያውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቀለለ። ምርመራውን ከውሉ በፊት እኛ እንድናሠራ፣ ውጤቱን ሳንሸራርፍ እንድንሰጣቸው፣ ማስወገዱን እነሱ በሠለጠነ ሰው እንዲያሠሩ፣ ለዚያም ከዋጋው እንድንቀንስላቸው ተስማማን። እስከዚያ መጋዘኑ ተቆልፎ ይቆያል። ተከራዩም እህሉን አወጣ፤ ለምን እንደሆነ አስረድተን ነው።

መርማሪው ከአዲስ አበባ መጣ። ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ድፍን ጭንብል አድርጎ ገባ። የሚቆርጥበትን ቦታ አስቀድሞ በውሃ ያርሳል፣ ከዚያ የጥፍር ያህል ቆርሶ ከረጢት ውስጥ ያሽጋል፣ የተቆረሰበትንም ይደፍናል። እኛን ከበሩ ውጭ አቆመን።

ጨርሶ ሲወጣ፣ «ያላየሁት ቦታ አለ?» አለኝ።

«መሬቱን አላየህም» አልሁት። በክረምት ግቢው ሲጨቀይ እንዳያዳልጥ የክዳኑን ስብርባሪ እኛው ነበርን የምንደለድለው። ዛሬ ሣር በቅሎበታል፤ ማንም መርማሪ በዐይኑ ሊያውቀው አይችልም። ተመልሶ ገብቶ ቆፈር ሲያደርገው ግራጫው ስብርባሪ ወጣ። ሻጭ ዝም ቢል ኖሮ የፎቁ መሠረት ሲቆፈር ሊቦን የነበረ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ጣራውም፣ ኮርኒሱም፣ የተቀበረውም አስቤስቶስ ነበረበት። የውስጡ መከለያ ግድግዳ ብቻ ነጻ ሆነ።

ውጤቱን የሰማ ዕለት ሰዒድ መጣ። እንድሪስ መስጊድ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እታለም፣ የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

ያልገባኝ መሰለው።

«አንቺ ጠርገሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ መጋዙን ይዤ አጎንብሼበት የዋልሁት እኔስ? ጣራው ይመርመር ባልሽ ቁጥር እኔ ልመርመር ያልሽ ይመስለኛል። ሲያስለኝ ደግሞ ከርሟል።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ለብር የሳሳ መስሎኝ ታዝቤው ነበር። ገብተህ ተቀመጥ አልሁት። ያን ሻይ ሳይጠጣ የወጣ ሰው፣ ደጋግሜ ስቀዳለት ጠጣ። እንድሪስ ሲመለስ ወንድሙን አየና ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ትከሻውን በትከሻው ተደገፈው።

ሆስፒታል ይዤው የሄድሁት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ማን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል? አያ ታከለ አግዳሚው ላይ ነበሩ። እሳቸውም ተሽሏቸዋል፣ መድኃኒት ሊወስዱ ነው የመጡት። ሰዒድን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ይህስ ምኑን ነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው አያ። ፈርቷል።»

«መፍራቱስ ሸጋ ነው። ያልፈራ መቼ ይመጣል» ብለው ጠጋ አሉለት።

ሰዒድ ራጅና ሲቲ ስካን ተነሣ። ያቺው ሐኪም አየችው። ሳንባው ሽፋን ላይ ጠባሳ አለው፤ ትንሽ ነው፣ ውሃ የለውም፣ ሌላ የሚያስጠረጥር ነገርም አልታየም። በየዓመቱ እየመጣ ይታያል። ሲያጨስ የኖረውን ሲጋራ ግን ዛሬውኑ እንዲተው ነገረችው፦ ያን ብናኝ የተነፈሰ ሰው ሲያጨስ አደጋው እጅግ ይከፋል። ፓኮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። እስካሁን አልተመለሰበትም፤ ጠባዩ ግን ከፍቷል፣ ሚስቱ እየመጣች ትከስሰዋለች።

መጋዘኑ ተሽጧል። ጣራው የወረደው ሳይሰበር፣ ውሃ እየተረጨበት፣ በላስቲክ እየተጠቀለለ ነው። የተቀበረውም ተቆፍሮ ወጥቷል። ጎረቤቶቻችንን አስቀድመን ነግረናቸው ስለነበር መስኮታቸውን ዘግተው ዋሉ። ከዋጋው የቀነስነው ያናደዳቸው ዘመዶች አሉ። እንድሪስ «ያገኘነው ይበቃናል» ይላቸዋል፣ በዚያው ያልቃል።

ለሚያነብልኝ ሰው የምለው ይህ ነው። ትንፋሽህ ካጠረና መድኃኒቱ ካልሠራ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅህም ድሮ ምን ስትሠራ እንደነበር ንገረው። አሮጌ ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ያለበት ቤት ካለህ፣ ካልተነካ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አትቁረጠው፣ አትብሳው፣ አትጥረገው። ልትሸጠው ስትነሣ ግን ማስመርመሩን ለገዢው አትተውለት፤ የት የት እንዳለ የምታውቀው አንተ ነህ።

ሰዒድ የተመረመረ ዕለት ከሆስፒታሉ ስንወጣ ወዲያው ወደ ቤት አልሄደም። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቆመና ስልኩን አወጣ። ያን ጊዜ የመጋዙን ሌላኛውን ጫፍ ይይዝለት የነበረ ዓለሙ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ዛሬ አይከል ላይ ወፍጮ ቤት አለው፤ ከተጠፋፉ ዓመታት አልፏል። ቁጥሩን ከሰው አፈላልጎ ነው ያገኘው። ስልኩ ብዙ ጠራ። ሲነሣ የሰላምታው ብዛት፣ የልጆቹ ደህንነት፣ የእህሉ ሁኔታ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ከዚያ ሰዒድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይ፣ ለገንዘብ አይደለም የደወልሁልህ» አለው። «ዓለሙ፣ ትንፋሽህ እንዴት ነው?»